የበቆሎው ፖስተር አራት እጥፍ ያሳያል፤ ቁጥሩ ግን እንዲያ አይልም። ወኪሉን ምን ልጠይቀው?

የማኅበሩ ጸሐፊ (ደምበጫ ዙሪያ)

ጤና ይስጥልኝ። በደምበጫ ዙሪያ ያለ የአንድ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። የማዳበሪያ ተራ እመዘግባለሁ፤ ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ የምይዘውም እኔ ነኝ። ሒሳብ እስከ 12ኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ስታትስቲክስ የሚባለውን ምዕራፍ ግን መምህራችን «ለፈተና ብዙም አይመጣም» ብለው በጥድፊያ ነው ያለፉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስሙን መጥራት የማልፈልገው አንድ የምርጥ ዘር አቅራቢ ወኪሉን ልኮ በመጋዘናችን ግድግዳ ላይ ትልቅ ፖስተር አስለጥፏል። ሁለት የበቆሎ ራሶች ተስለውበታል። «ነባሩ ዝርያ» የተባለው የጣት ያህል ነው። የእነሱ አዲስ ዝርያ ግን የፖስተሩን አናት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከሥራቸው በትንንሽ ፊደል 52 ኩንታል እና 58 ኩንታል በሄክታር ይላል። በግራ በኩል ያለው የቁጥር መስመር ከ50 ይጀምርና 60 ላይ ያበቃል። ከታች በቀይ ቀለም «ከ10 አርሶ አደሮች 9ኙ መርጠውታል» የሚልና «በቅጠል በሽታ የመጠቃት አደጋን በግማሽ ይቀንሳል» የሚል ተጽፏል።

ሊቀ መንበራችን ፖስተሩን ካዩ ጀምሮ ሌላ ወሬ የላቸውም። «ሥዕሉን እያየህ ደግሞ ምን ትጠይቃለህ?» ይሉኛል። የጎረቤት ቀበሌ ማኅበር ዘሩን ለመውሰድ ተመዝግቧል መባሉም አጣድፏቸዋል። የዘሩ ዋጋ እስካሁን ከለመድነው በግልጽ ይበልጣል፤ ከአባሎቻችን ደግሞ አብዛኞቹ ከአራት ጥማድ ያልበለጠ መሬት ነው ያላቸው። ቁጥሩን ሳየው ልዩነቱ 6 ኩንታል ነው። ሥዕሉን ሳየው ግን ነባሩን ዘር የዘራ ሰው ልጆቹን የሚያስርብ ይመስላል። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ እንዴት አብረው ሊኖሩ ቻሉ?

ወኪሉ ቅዳሜ ይመለሳል፤ ጠቅላላ ጉባኤው እሑድ ነው። ምን ልጠይቀው? ለሽማግሌዎቹስ አዋቂ ነኝ ባይ ሳልመስል እንዴት ላስረዳ?

ጡረተኛው መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ «ለፈተና አይመጣም» ተብሎ የታለፈው ትምህርት ይኸው መጋዘንህ ድረስ መጣልህ። ዕድሜዬን በሙሉ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ሎጋሪዝም የረሳ ሰው ምንም አይጎድልበትም። ግራፍ ማንበብ የማይችል ሰው ግን ዘር ሻጩም፣ ባንኩም፣ ባለሥልጣኑም እንደፈለገ ያደርገዋል፤ ሥርዓተ ትምህርታችን ለየትኛው እንደሚጨነቅ አንተው አየኸው።

ወደ ፖስተሩ እንመለስ። የቁጥሩ መስመር ከ50 ጀመረ አልህ። ስለዚህ 52 ከሚባለው ላይ ለዓይን የሚታየው 2 ብቻ ነው፤ ከ58 ላይ ደግሞ 8። ስምንትን ለሁለት ብታካፍለው አራት ይወጣል፤ አራት እጥፍ የመሰለህ ለዚህ ነው። እውነተኛው ጭማሪ ግን 6 ሲካፈል ለ52 ነው፤ 11.5 በመቶ ገደማ። መስመሩን ከዜሮ ቢያስጀምሩት ኖሮ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ በቆሙ ነበር።

በዚህም አላበቁም። ተራ ምሰሶ ቢስሉ ኖሮ ወርዱ እኩል ስለሚሆን ማታለሉ በቁመት ብቻ ይቀር ነበር። የበቆሎ ራስ ግን አራት እጥፍ ሲረዝም መልኩ እንዳይበላሽ አራት እጥፍ መወፈር አለበት። ወረቀቱ ላይ የያዘው ቦታ 16 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ተመልካቹ በቆሎው ድቡልቡል መሆኑን አስቦ በይዘት ከገመተው ደግሞ 64 እጥፍ ይደርሳል። ከ11.5 በመቶ ተነሥተን የት እንደደረስን ተመልከት! ይህን ሁሉ ያደረጉት አንዲት ሐሰተኛ ቁጥር ሳይጽፉ ነው፤ ብትከሳቸው እንኳ «52 እና 58 ብለናል እኮ» ይሉሃል።

ነገር ግን «ከዜሮ ያልጀመረ ግራፍ ሁሉ ውሸት ነው» ወደሚል እንዳትሄድ። ምሰሶ የሚያወዳድረው በርዝመቱ ስለሆነ ከሥሩ ሲቆረጥ ይዋሻል። የመስመር ግራፍ ሌላ ነው፤ እሱ የሚያሳየው መውጣት መውረዱን ነው። የአንድን ታማሚ የሰውነት ሙቀት ከዜሮ አስጀምረህ ብትስለው 37 እና 40 ዲግሪ አንድ መስመር ላይ የተኙ ይመስላሉ፤ ሰውየው ግን በትኩሳት እየነደደ ነው።

ቅዳሜ ወኪሉ በመቶኛ መናገሩ አይቀርምና ስለ መቶኛ ልጨምርልህ። የ12ኛ ክፍል ፈተናን ውሰድ። በ2015 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። አንዱ ተነሥቶ «በ2.2 የመቶኛ ነጥብ ጨመረ» ቢል፣ ሌላው «በሁለት ሦስተኛ አደገ» ቢል፣ ሁለቱም አልዋሹም። አሁን ደግሞ ሰዎቹን ቁጠራቸው። ያለፉት ከ27,267 ወደ 36,409 ነው የሄዱት፤ ጭማሪው አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። መቶኛው በሁለት ሦስተኛ ሲያድግ የሰዎቹ ብዛት በአንድ ሦስተኛ ያደገው ታህታዩ (የሚካፈልበት የታችኛው ቁጥር) ስለተነካ ነው፤ የተፈታኞቹ ቁጥር ከ845 ሺህ ወደ 675 ሺህ ወርዷል። በዚያ ዓመት በእኛ አካባቢ ስንት ልጅ ሳይፈተን እንደቀረ እኔ ልንገርህ አያስፈልግም። ላዕላዩን (የላይኛውን ቁጥር) ብቻ የሚያወራ ሰው እነዚህን ልጆች ፈጽሞ አያያቸውም። ስለዚህ መቶኛ ሲነግሩህ መጀመሪያ «ከስንቱ?» በል፤ ቀጥለህ «ያልተቆጠረው ማን ነው?» በል።

«ከ10 9ኙ» የሚለውም በዚሁ ይፈተናል። እ.ኤ.አ. በ1936 አንድ የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን የመጠይቅ ካርድ በፖስታ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበና ፕሬዚዳንቱ ሩዝቬልት በምርጫው ይሸነፋል ብሎ አወጀ። ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ አሸነፈ። አድራሻዎቹ በብዛት የተወሰዱት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ ገምት። የናሙና ብዛት የናሙናን መንሸዋረር አያቃናም። የእናንተ ዘጠኝ ሰዎች እነማን ናቸው? መሬታቸው የት ነው? ዘሩን ገዝተው ነው ወይስ በነጻ ተሰጥቷቸው?

ለሽማግሌዎቹ እንዴት ላስረዳ ላልኸው፣ አታስረዳ። ከፖስተሩ ጎን ነጭ ወረቀት ለጥፍና ሁለት ምሰሶ በማስመሪያ ሳል፤ አንዱ 52 ሴንቲ ሜትር፣ አንዱ 58 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ዝም በል። ሽማግሌዎቹ ዓይን አላቸው።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ (ሜጫ)

መምህር ስለ ሥዕሉ የሚባለውን ሁሉ ብለውታል። እኔን ያሳሰበኝ 52 እና 58 ራሳቸው ከየት እንደመጡ ነው።

ወንድሜ፣ ምርት ሲገመት ሙሉ ማሳ ተሰብስቦ ሚዛን ላይ የሚወጣ ይመስልሃል? ብዙ ጊዜ ማሳው ውስጥ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቦታ ተከልሎ የዚያ ብቻ ይመዘንና ወደ ሄክታር ይባዛል። 16 ካሬ ሜትርን 10,000 ለማድረስ በ625 ማባዛት ነው። እዚያች ቁራጭ ላይ አንድ ኪሎ ቢሳሳቱ በሄክታር 6 ኩንታል ከሩብ ይሆናል። የፖስተሩ ልዩነት በሙሉ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም ማለት ነው! ቁራጩ የተከለለው በቆሎው ባማረበት በኩል ከሆነ፣ ወይም ገመዱ ትንሽ ከረዘመ፣ ያ አንድ ኪሎ ወዲያው ይገኛል። ለዚህ ነው አንድ ማሳ ላይ አንድ ቁራጭ ለክቶ የሚመጣን ሰው የማላምነው።

ሁለተኛው እርጥበት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። የበቆሎ ምርት የሚነገረው ወደ 12.5 በመቶ እርጥበት ተመልሶ ነው። አሁን አዲሱ ዝርያ ገና ሳይደርቅ፣ በ22 በመቶ እርጥበት ተመዝኖ 58 መጣ እንበል። ውኃውን ስታወጣው ደረቁ ነገር 45 ኩንታል ከሩብ ገደማ ነው፤ ወደ 12.5 በመቶ ስትመልሰው 51.7 ኩንታል ይሆናል። ይኸው ከነባሩ ጋር እኩል መጣ። ሠርተውታል አላልሁም፤ ፖስተሩ ላይ እርጥበቱ ካልተጻፈ ግን ጠይቅ።

ደግሞ ማሳው የማን ነው? በመንግሥት የተለቀቁት ዝርያዎች መዝገብ እንኳ ሁለት ዓይነት ቁጥር ነው የሚይዘው። ቢኤች 661ን ብንወስድ በምርምር ጣቢያ ከ95 እስከ 120 ኩንታል፣ በገበሬ ማሳ ግን ከ65 እስከ 85 ነው የተባለለት። ዘሩ ያው ነው፤ የተለየው ማዳበሪያው በወቅቱና በልኩ መግባቱ፣ አረሙ መነቀሉ፣ መስመሩ መጠበቁ ነው። የጣቢያውን ቁጥር ይዞ ለገበሬ የሚያወራ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያስዘፈነን ነው። እነ ማቻከልንና እነ ባንጃን የመሰለ አሲዳማ አፈር ባለበት አገር አሲዱን የሚቀንሰው ኖራ የተጨመረበትን ማሳ ካልተጨመረበት ጋር አወዳድሮ ጭማሪውን ለዘሩ መስጠትም አለ። ዓመቱም ይጠየቅ፤ አንዱ ዝናብ በጠገበ ክረምት ሌላው ዝናብ ቶሎ በወጣበት ከተለካ ያወዳደሩት ክረምቶችን እንጂ ዘሮችን አይደለም።

ዘር ቸርቻሪ (ቡሬ)

እንግዲህ ሁላችሁም ተባብራችሁ ሻጩን ሌባ አደረጋችሁት። እኔም ዘር ነው የምሸጠው፤ ስለዚህ ወገንተኛ ነው ብትሉኝ አልቀየምም።

መምህር፣ እርስዎ እንዳሉት ከዜሮ ሲሳል ልዩነቱ ይጠፋል። መጥፋቱስ ማታለል አይደለም? 6 ኩንታል በሄክታር ማለት በጥማድ አንድ ኩንታል ተኩል ነው። ሁለት ጥማድ በቆሎ ለሚዘራ አባወራ ሦስት ኩንታል ማለት ነው፤ ያ ለአንድ ቤተሰብ ስንት ወር ቀለብ እንደሆነ ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ሆኖ ላይታይ ይችላል። ሁለቱን ምሰሶዎች ትከሻ ለትከሻ አቁመው «ልዩነት የለም» ካስባሉ እርስዎም በሌላኛው በኩል ሥዕል ሠሩ ማለት ነው።

ለጸሐፊው፦ ሥዕሉንም መቶኛውንም ተውና በኩንታል አስላው። ለሄክታር የሚበቃው 25 ኪሎ ዘር ነው፤ 12.5 ኪሎው ከረጢት ለሁለት ጥማድ ይሆናል። የአዲሱና የነባሩ ከረጢት የዋጋ ልዩነት በመኸር ጊዜ ስንት ኪሎ በቆሎ ይገዛል? ያ ከሦስት ኩንታል ካነሰ፣ ግራፉ ቢንሻፈፍም ዘሩ ያዋጣል። ስሌቱን ስትሠራ የበቆሎ ዋጋ ብለህ የምትወስደው የታኅሣሡን ነው፤ የሐምሌውን ከወሰድህ ራስህን ታታልላለህ።

ጡረተኛው መምህር (ደብረ ማርቆስ)

የቡሬው ነጋዴ ጥሩ ነጥብ አነሣህ፤ ከፊሉን እቀበላለሁ። ልዩነቱ ለኑሮ ትልቅ ከሆነ በኩንታልና በብር ይነገር፤ የሚከለክል የለም። እኔ የጠላሁት ስድስቱን ኩንታል በስድስትነቱ ከማቅረብ ይልቅ አራት እጥፍ አድርጎ ማሳየቱን ነው። እቃው ጥሩ ከሆነ ሥዕሉን ማሳበጥ ለምን አስፈለገ?

ከተማ መኖሬን ግን ተወው። አባቴ በቢቸና ገበሬ ነበሩ።

ነርስ (ፍኖተ ሰላም)

«አደጋን በግማሽ ይቀንሳል» የምትለዋን ሁላችሁም አልፋችኋታል፤ በእኛ ሙያ ግን እሷ ናት ሰው የምትጎዳው።

እ.ኤ.አ. በ1995 በብሪታንያ አንዳንድ አዳዲስ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች የደም መርጋትን አደጋ በእጥፍ ይጨምራሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። እጥፍ የተባለው ከ7,000 ሴቶች አንዷ ላይ ይደርስ የነበረው ሁለት ላይ ደረሰ ማለት ነበር። ጋዜጦቹ «እጥፍ» የምትለዋን ብቻ ይዘው ሮጡ። ብዙ ሴቶች እንክብሉን አቋረጡ፤ በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 13,000 የሚጠጋ ተጨማሪ ጽንስ ማቋረጥ እንደነበር ይገመታል። እርግዝና ራሱ ደም የማርጋት አደጋው ከእንክብሉ ይበልጣል።

ስለዚህ ወኪሉን «የምን ግማሽ?» በለው። ከ100 ተክል 40ው ይታመም የነበረው 20 ከሆነ ትልቅ ነገር ነው። ከ100 ሁለት ብቻ ይታመም የነበረው አንድ ከሆነም «ግማሽ» ይባላል፤ ለዚያ ግን ማንም ተጨማሪ ብር ማውጣት የለበትም።

የማኅበሩ ጸሐፊ (ደምበጫ ዙሪያ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወኪሉ መጥቶ ሄደ፤ ጉባኤውም ተካሂዷል።

ወኪሉ ክፉ ሰው አይደለም። ፖስተሩን የሠራው እሱ አይደለም፤ እንዲለጥፍ ተሰጥቶት ነው። 52 የተባለው ከሌላ ወረዳ ተራ ገበሬዎች እንደተወሰደ፣ 58ቱ ግን ኩባንያው ዘርና ማዳበሪያ በነጻ ከሰጣቸው ሞዴል ገበሬዎች ማሳ እንደተለካ ራሱ ነገረኝ። ዓመታቸውም አንድ አይደለም። «እርጥበቱስ?» ስለው «ደርቆ ነው» አለኝ። «በስንት በመቶ?» ስለው ስልክ ደወለ፤ ቆይቶ ተመለሰና «ደርቆ ነው» አለኝ።

የቅጠል በሽታውን ቁጥር ጭራሽ አያውቀውም። «ከ10 9ኙ» ግን ሁላችሁንም ሳያስቃችሁ አይቀርም። እኔ ከ1,000 ሰው 900 መስሎኝ ነበር። ለካስ አሥር ሰው ጠይቀው ነው! የተጠየቁትም በመስክ በዓል ቀን፣ በጉ ታርዶ ምሳ ከተበላ በኋላ ነው። አሥረኛው ሰውዬ ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

መምህር እንዳሉኝ ሁለቱን ምሰሶዎች በሴንቲ ሜትር ስዬ ከፖስተሩ ጎን ለጠፍሁና አንድም ቃል ሳልናገር ተቀመጥሁ። ጉባኤው ሳይከፈት አንድ አዛውንት አባላችን ዱላቸውን ይዘው ተነሡና የኔን ወረቀት በዱላው ለኩት፤ ቀጥለው የፖስተሩን በቆሎዎች ለኩ። ከዚያ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረው «ይኸኛው የት አገር የበቀለ ነው?» አሉ። ሳቁ እስኪበርድ ስብሰባው ዘገየ። ሊቀ መንበራችን ትንሽ ተቀይመውኛል። ጎረቤት ቀበሌን ደግመው ሲያነሡ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ያላቸውም ነበር፤ እኔ አይደለሁም።

የቡሬውን ስሌትም አቀረብሁት። በታኅሣሥ ዋጋ ሲታይ የዘሩ የዋጋ ልዩነት ሦስት ኩንታል አይፈጅም፤ ስለዚህ 58ቱ እውነት ከሆነ ያዋጣል። ጥያቄው እውነት መሆኑ ላይ ስለቀረ ጉባኤው ማኅበሩ በሙሉ እንዳይመዘገብ፣ ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት አባላት ግን በራሳቸው ማሳ ነባሩንና አዲሱን ጎን ለጎን ዘርተው እንዲያወዳድሩ ወስኗል። እህቴ የሜጫዋ፣ ስንመዝን ምን እናድርግ? የእርጥበት መለኪያስ ከየት ይገኛል?

የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ (ሜጫ)

ጥሩ ወስናችኋል። መለኪያውን እህል የሚረከበውን የዩኒየናችሁን መጋዘን ጠይቅ፤ እዚያ ካጣህ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት።

ሁለቱም ዘር በአንድ ቀን ይዘራ፤ ማዳበሪያው እኩል ይሁን፤ ኖራ ከገባ ለሁለቱም ይግባ። ከአንድ ማሳ አንድ ቁራጭ አትለኩ። ብትችሉ የሁለቱንም ግማሽ በሙሉ ሰብስባችሁ ፈልፍሉና መዝኑት፤ ያ ካቃተ ከየግማሹ ሦስት አራት ቦታ ውሰዱ። የዳር መስመሮችን ተዉአቸው፤ ዳር ላይ ያለ በቆሎ ብርሃንና አፈር ስለሚተርፈው ይወፍራል። የዘራውን ሰው አታስመዝኑት፤ ሌላ ሰው ይመዝን። ውጤቱንም የሁሉንም አባል ጻፍ፤ አዲሱ ዘር ያልሆነለት ሰው «የኔን ተወው፣ አረሙ በዝቶብኝ ነው» ቢልህ እንኳ እንዳትሰርዘው።

ጡረተኛው መምህር (ደብረ ማርቆስ)

አንድ ልጨምር። የማሳው የትኛው ግማሽ አዲሱን ዘር እንደሚያገኝ ሊቀ መንበርህ አይምረጡ፤ ባለ መሬቱም አይምረጥ። ሰው ሳይታወቀው ወፍራሙን አፈር ለወደደው ዘር ይሰጣል። በየማሳው ሳንቲም ጣሉ፤ አንበሳው ከወጣ አዲሱ ዘር በፀሐይ መውጫ በኩል፣ ካልወጣ በመግቢያው በኩል ይዘራ። ሳንቲሙን የሚጥሉት እኒያ ባለ ዱላው አዛውንት ቢሆኑ ደስ ይለኛል።